አንድ ሰው ብቻ የሚችል ድልድይ

ከወፍጮ ቤቱ በታች ያለውን ቁልቁለት ሳይጨርሱ፣ ማን ይቅደም በሚል ተጣሉ። በተራራችን ደንብ ወንድ ጠመንጃውን አንግቶ፣ እጁን እያወዛወዘ ከፊት ይሄዳል። ሴት ደግሞ የቤቱን ሸክም ሁሉ ተሸክማ አሥር እርምጃ ከኋላ ትከተላለች። የዚያን ዕለት ግን ለጄሎሽ አሥር እርምጃ ማለት ሞት ማለት ነበር። ስለዚህ እናቴ ድራንዴ፣ እኔ ልቅደምና አንተ በቅርብ ተከተለኝ አለችው። ሰውዬው አሥራ አራት ወር ሙሉ ከግንብ ሳይወጣ ኖሮ፣ ሞት ከየቋጥኙ ጀርባ እየፈለገው፣ ሴት ተከትሎ መሄድን አፈረ።

«ሰው ቢያየንስ?» አላት።

«ሰው እንዲያየን አይደል እንዴ የመጣሁት» አለችውና መንገዷን ቀጠለች።

እኔም እዚያው ነበርኩ። የስምንት ወር ልጅ ነበርኩና ከእናቴ ጀርባ፣ ከጥድ በተሠራች አልጋዬ ውስጥ፣ እጅና እግሬ በመጠቅለያ ተጠፍሮ፣ ቀይ ሱፍ ከላዬ ተሸፍኖ ተኝቼ ነበር። ስለዚህ በዓይኔ ያየሁት ነገር የለም። የምነግራችሁን ግማሹን ከእናቴ ሰማሁት፣ ግማሹን ከጄሎሽ። ሁለቱ የማይስማሙበት ቦታ ሲደርስ የእናቴን ይዣለሁ። እሷ አትዋሽም ማለቴ ግን አይደለም፤ የጠባሁት የእሷን ጡት ስለሆነ ብቻ ነው።

ጄሎሽ አባቴን የገደለ ሰው ነው። አባቴ ፓሽክ የጄሎሽን ታላቅ ወንድም ገድሎ ነበርና ጄሎሽ ደሙን መለሰ። በደንቡ ነው የመለሰው፤ ከፊት ሆኖ፣ ስሙን ጠርቶ። ከወደቀ በኋላም በጀርባው አስተኝቶ፣ የሟቹን ጠመንጃ ራስጌው አኑሮለት፣ ወደ ቤታችን መርዶ ላከ። አገሩ ሁሉ «ወንድ ነው፣ በደንቡ ገደለ» አለ። እናቴን ዕድሜዋን ሙሉ ያንገበገባት ይኸው በደንቡ የሚሉት ነገር ነው። እኔ ያኔ የሦስት ወር ጽንስ ነበርኩ።

ከዚያ በኋላ ተራው የአጎቴ የማራሽ ሆነ። ጄሎሽም የግንቡን በር ቀርቅሮ፣ እጅ በማታሾልክ መስኮት እያየ ተቀመጠ። የቱርኩ ሱልጣን ገና የሜዳውን ከተማ ሽኮድራን የሚገዛበት ዘመን ነው፤ ግን የሱልጣኑ ሕግ የሚያበቃው ሜዳው ላይ ነበር። ወደ ላይ ወደ እኛ የሚወጣው ግብር ሰብሳቢው ብቻ ነው፤ እሱም ሁልጊዜ አይመለስም።

ታዲያ የሟች ሚስትና ገዳዩ ባንድ መንገድ ምን አገናኛቸው ትሉኝ ይሆናል።

አባቴ በሞተ በዓመቱ ማራሽ የወንድሙን ሚስት ሊወርሳት ፈለገ። እናቴ እምቢ አለች። ሦስት ጊዜ ተጠይቃ ሦስት ጊዜ እምቢ ስላለች፣ ቅዳሜ ዕለት በሽማግሌዎች ፊት የመቀነቷን ዘርፍ በበግ መሸለቻ መቀስ ቆረጠው። ዘርፏ የተቆረጠባት ሴት ወደ አባቷ ቤት ትመለሳለች፤ ሰኞ ወንድሞቿ መጥተው እንዲወስዷት ተላከባቸው። የወለደችው ግን አይከተላትም። ልጅ የአባቱ ቤት ንብረት ነው። እኔማ ጭራሽ ገና በሆዷ ሳለሁ፣ ሴት ከሆነች ተብዬ፣ ከላይኛው መንደር ላለ ቤት ታጭቼ ነበር። እናቴም ወደ አባቴ የመጣችው እንዲሁ በሆድ ታጭታ ስለሆነ፣ የሚጠብቀኝን ከእኔ ቀድማ ታውቀው ነበር።

ያሰበችው ሽኮድራን ነው። አክስቷ ቶና እዚያ የሴት መነኮሳቱን ልብስ እያጠበች ትኖራለች፤ የተራራውም ሕግ ከከተማው በር አያልፍም። መንገዱ የሁለት ቀን ነው። ሴትን በመንገድ የሚገድላት የለም፤ በሴት ላይ መተኮስ እስከ ሰባት ትውልድ ያሰድባል። ግን ብቻዋን ያገኟትን ሴት የማን ነሽ ይሏታል። መልስ ካጣች እንደ ጠፋች ፍየል እየነዱ ወደ ባለቤቶቿ ይመልሷታል። ጄሎሽን ደግሞ የሚጠይቀው የለም፣ የሚገድለው እንጂ። እሱም ቢሆን ሴት አብራው ከሄደች አይተኮስበትም፤ ከሴት ጋር የሚሄድ ወንድ በእሷ ጥላ ሥር ነው። በቤቱ የቀሩት ሴት ግን አያቱ እማማ ፕሬንዳ ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም እግራቸው ከተያዘ አራት ዓመት ሆኗቸዋል።

ነገሩን የጠነሰሱት እኚሁ ባልቴት ናቸው። ወፍጮ ቤት በምትመላለስ ጎረቤት በኩል ላኩባት። «አንቺ ወንድ የለሽም፣ እሱ ሴት የለውም። እስከ ሽኮድራ ድረስ ተዋዋሱ» አሏት። ቀጥለውም ቃሏን ጠየቁ። እናቴ ሦስት ቀን ዝም አለች፤ በአራተኛው ቀን ዘርፏ ተቆረጠ። ያን ለታ ማታ ቃሌ ነው ብላ መለሰች።

እሑድ ጠዋት የጎሳው አለቃ ባንዲራ ያዡና ወንዶቹ ሁሉ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ለጉባኤ ሲቀመጡ፣ አልጋዬን በጀርባዋ አዝላ ወጣች። እሑድ ቀን ልጇን አዝላ የምትወጣ ሴትን ማን ይጠይቃታል። የአባቴ እናት እማማ ሌና ምድጃው ዳር ወተት ያማስሉ ነበር። ቀና ብለው አዩዋት፤ ከዚያ ጎንበስ ብለው ወተታቸውን ማማሰል ቀጠሉ።

ጄሎሽን ከግንቡ ደጅ ተቀበለችው፤ እንግዲህ መንገዱ ላይ ናቸው። የጄሎሽ ፊት ወፍጮ ቤት ያደረ ሰው ይመስል ነጥቷል። ፀሐይዋ ዓይኑን ታስነባዋለች፤ ዳገት ሲያጋጥመው ያለከልካል። ጉልበቱ አራት ደረጃ መውጣትና መውረድ ብቻ ለምዷል። ነፋስ ቅጠል ባነቃነቀ ቁጥር ወደ እናቴ ይጠጋል፤ እናቴም በተጠጋ ቁጥር ገላዋ ይሸማቀቃል፤ ግን አትሸሽም።

«እቴ፣ ትንሽ ቀስ በይ» አላት።

«እቴ አትበለኝ።»

«ታዲያ ምን ልበልሽ?»

«ምንም አትበለኝ።»

ምንም ሳይላት አንድ ሰዓት ያህል ተጓዙ። እሷ በልቧ የምትቆጥረው ከአባቴ ቀብር ወዲህ ያለውን ቀን ነበር። እሱ ምን ይቆጥር እንደነበር ስጠይቀው፣ ቋጥኝ ነው የቆጠርኩት አለኝ፤ ጠመንጃ የሚደብቀውንና የማይደብቀውን።

ረፋዱ ላይ የድንጋይ አጥር የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ አገኙ። ጠመንጃቸው አጥሩ ላይ ተጋድሟል። ጨዋ ሰው ነበሩና እናቴን ቀና ብለው እንኳ አላዩዋትም፤ የሌላ ሰው ሴት አትታይም። ለጄሎሽ የትምባሆ ሳጥናቸውን ዘረጉለትና፣ ይቺ ሴት የማን ናት ብለው ጠየቁት። ጄሎሽ ከሳጥኑ ትምባሆ ቆነጠረ።

«ከእኔ ጋር ናት፣ አባቴ» አለ።

«አልጋ ውስጥ ያለውስ? ወንድ ነው ሴት?»

«ሴት።»

«አይዞህ፣ ወንዱን ያስከትልላችሁ» አሉና መረቁት።

እናቴ በዚያች ቅጽበት አልጋዬን ተሸክማ ወደ መጣችበት ልትመለስ ምንም አልቀራትም። የባሏ ገዳይ ሚስት መስላ መመረቅ! ያን ቀን ከሆነው ሁሉ ይህ ምርቃት የበለጠ አመመኝ ትል ነበር። ሽማግሌው ሳያስቆሟት ያለፈችው ግን በዚያችው ቃል ነው። እሷ ራሷ ሺህ ቃል ብትናገር አንዷ አትሰማላትም ነበር። ጥቂት እንደሄዱ ጄሎሽ፣ ሌላ የምለው አጣሁ አላት። ደህና ነው ያልከው፣ ሂድ አለችው።

ድልድዩ ጋ የደረሱት ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ነው። በፊት ሦስት የጥድ ግንድ ነበር፤ ባለፈው ጸደይ ጎርፍ አንዱን ወስዶ ሁለት ቀሩ። ከሥሩ ገደል ነው፣ በረዶ ቀልጦ የሞላው ወንዝ እያገሳ ይወርድበታል። በሁለቱ ግንድ ላይ አንድ ሰው ነው የሚሻገረው። ባለፈው ክረምት አንዱ ሰውዬ በቅሎውን አስከትሎ ልሻገር ብሎ ከነበቅሎው ሄዷል። ማዶው የሌላ ጎሳ ምድር ነው፤ እዚያ የረገጠ መንገደኛ የጎሳው እንግዳ ነው፣ እንግዳቸውን የነካ ደግሞ ከጎሳው ሁሉ ጋር ደም ይቃባል። ይቺን ድልድይ ካለፍን ተገላገልን ብላ ነበር እናቴ። ጉባኤው እስኪበተን ማራሽ አይነሳም ብላም ገምታ ነበር።

ማራሽ ግን ከድልድዩ አፍ ሃያ እርምጃ በማይሞላ ቋጥኝ ላይ ተቀምጧል። በፍየል መንገድ ገደል ለገደል ቆርጦ ቀድሟቸዋል። ማርቲኒ ጠመንጃው ጭኑ ላይ ነው፤ ላቡ ከነጭ ቆቡ ሥር እየወረደ ጢሙን አርሶታል። ጄሎሽ ወደ እናቴ ተጠግቶ፣ እጅጌው እጅጌዋን እስኪነካ ቆመ።

«ሙሽራ፣ እንደምን ዋልሽ?» አለ ማራሽ። እኛ ዘንድ ሴት አምስት ልጅ ብትወልድም ለባሏ ወንድሞች ሙሽራ ናት።

«ደህና ነኝ፣ አያ ማራሽ። እርስዎስ?»

«ደህና። ልጅቷስ?»

«ተኝታለች።»

ሰላምታው በዚህ አበቃ። ጄሎሽን አንዴም አላየውም፤ ቦታው ባዶ ይመስል አሻግሮ ወንዙን ነበር የሚያየው። ከዚያ ለስለስ ባለ ድምፅ የመጣበትን ተናገረ።

«ድልድዩ አንድ ሰው ነው የሚችለው፣ ሙሽራ። አንቺ ቅደሚ። ልጅቷንም ይዘሽ ሂጂ። አልከተልሽም፣ ማንም እንዲከተልሽ አላደርግም። ላጫት ቤት መልስ እኔ እሰጣለሁ። ቃሌ ነው።»

«እሱስ?»

«እሱ ከእኔ ጋር ይቀራል።»

ያለው ይህን ብቻ ነው። አታልይው አላላት፣ አሳልፈሽ ስጪው አላላት፤ ድልድይ ተሻገሪ ብቻ ነው ያላት። በጀርባዋ እኔ አለሁ፣ በፊቷ ሽኮድራ አለ፣ ከኋላዋ ደግሞ ባሏን የገደለ ሰው ቆሟል። ከዚህ በላይ ምን ትለምን? ወንድ ሁሉ ትክክል ሠራሽ ይላታል፤ የባሏ ደም ይመለሳል፤ እጇም ከደሙ ንጹሕ ነው። ጄሎሽ ራሱ፣ እኔ ብሆን እሄድ ነበር አለኝ በኋላ።

«እኔማ ተሻግሬ ነበር» ትለኝ ነበር እናቴ። «በልቤ ተሻግሬ ማዶ ደርሼ፣ መሀረቤን እያስተካከልኩ ነበር።»

ምን እንደመለሳት ስጠይቃት መልሷ እንደ ዕለቱ ነው። አንዳንዴ፣ አልጋው ከብዶኝ ዘገየሁ ትለኛለች። አንድ ቀን ግን ሱፍ እየፈተለች ሳለ እንዲህ አለችኝ። ማራሽ ቃሌ ነው ሲል ስሰማው፣ እኔም ትናንት ቃሌ ነው እንዳልኩ ትዝ አለኝ። አባቴ ቃሌን ጠይቆኝ አያውቅም፣ ባሌም፣ ቄሱም። ሴት ምን ቃል አላት ብለው ነው የኖሩት። ሃያ አራት ዓመት ኖሬ ቃሌን የጠየቀችኝ አንዲት ሽባ አሮጊት ናት። እንደተሰጠች አንድ ቀን እንኳ ሳላውላት ቃሌን ልብላ?

እናቴ የአልጋዬን ማንገቻ ከትከሻዋ አወረደች።

«ዙር» አለችው ጄሎሽን።

«ምን?»

«ጀርባህን ስጠኝ።»

ነገሩ ሲገባው ያ የነጣ ፊቱ ቀላ። እኛ አገር ወንድ የሕፃን አልጋ አይሸከምም። መሸከም ቀርቶ በእጁ አይነካም። ቤት ቢቃጠል እሱ ጠመንጃውን ይዞ ይወጣል፤ አልጋውን የምታወጣው ሚስቱ ናት። ይህንስ አላደርገውም አለ።

«ስምምነታችን ሴት አብራህ እንድትሄድ ነው» አለችው። «ይቻት፣ ሴት ናት። ሽማግሌውም ጠይቀውሃል፣ በአፍህ መልሰሃል።»

«መሞት ይሻለኛል።»

«አንተን ይሻልህ ይሆናል። እኔ ግን ልጄን የሚያሻግርልኝ ሰው አጣለሁ።»

ጄሎሽ ወደ ወንዙ አየ፣ ወደ ማራሽ ጠመንጃ አየ፣ ከዚያ የራሱን ጠመንጃ ከትከሻው አውርዶ ሣሩ ላይ አጋደመው። የአልጋው ማንገቻ በደረት ላይ ይጣመራልና ሁለቱን ባንድ ላይ መሸከም አይሆንም። ዞረ። እናቴ አልጋዬን በጀርባው ላይ አሳረፈችና ወደ ፊቱ መጥታ፣ ማንገቻውን ደረቱ ላይ ቋጠረች። ጣቶቿ ልቡ ሲመታ ተሰማቸው። የባሌ ልብ እንደዚህ ይመታ ነበር ብላ አሰበች፤ ቋጠሮውን ግን አጠበቀችው።

ማራሽ ከቋጥኙ ተነሳ። ከደሙ ቀን ወዲህ ለጄሎሽ የመጀመሪያ ቃሉን ተናገረ።

«ሴት ሆንክ?» አለው።

የመለሰችለት እናቴ ናት። «ሴት ከሆነማ ማን ላይ ሊተኩሱ ነው፣ አያ?»

ጄሎሽ ድልድዩ ላይ ወጣ። ማራሽ ጠመንጃውን አንሥቶ ትከሻው ላይ አስደገፈ፤ ከጠመንጃው ጫፍ ማዶ ግን የሚታየው የእኔ ቀይ ሱፍ ነው። ከሱፉ በላይ ነጭ ቆብ፣ ከሱፉ በታች የሚንቀጠቀጡ ሁለት እግሮች አሉ፤ መካከሉን የያዝኩት እኔ ነኝ። ግንዶቹ እየተወዛወዙ ጮኹ። አላለቀስኩም ይላሉ፤ የወንዝ ድምፅ ያስተኛል። ማራሽ ጠመንጃውን ዝቅ አደረገ። ጄሎሽ ማዶ ደርሶ፣ ወደ ኋላ ሳይዞር፣ መንገዱ ቋጥኙን የሚዞርበት ቦታ ላይ ተሰወረ።

ማራሽ የማዶውን ደንብ እንኳ ረስቶ ሊከተለው ወደ ድልድዩ ሮጠ። እናቴ ግን የድልድዩ አፍ ላይ ቁጭ ብላለች። የተራራ ሴት ቀሚስ ከባድ ሱፍ ነው፣ ሲቀመጡበት እንደ ድንኳን ይዘረጋል፤ ሁለቱን ግንድ ጫፍ እስከ ጫፍ ሸፈናቸው።

«ተነሽ፣ ሙሽራ።»

«ሙሽራ አይደለሁም።» የመቀነቷን የተቆረጠ ጫፍ አንሥታ አሳየችው። ከዚያ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አለችው። «ትናንት በገዛ እጅህ ቆርጠኸዋል። አሁን የአባቴ ቤት ልጅ ነኝ። ሦስት ወንድሞች አሉኝ። እጅህን አንሣብኝና ደሜን ከእነሱ ጋር ተነጋገር።»

እውነቷን ነበር። እስከ ቅዳሜ ድረስ በጥፊ ሊመታት፣ በፀጉሯ ሊጎትታት ይችል ነበር። ከቅዳሜ ወዲህ የሌላ ቤት ሰው ናት። ማራሽ ከፊቷ ሣሩ ላይ ተቀመጠ፤ በሁለቱ መካከል የጄሎሽ ጠመንጃ ተጋድሟል።

«ልጃችንን ለገዳዩ ሰጠሻት» አላት።

«ሰጠሁት።»

«አሁን እኮ ማዶ ነው። እንግዳ ነው። ከእንግዲህ አንቺን ምን ያደርግሻል? መንገድ ዳር አስቀምጧት ቢሄድስ?»

እናቴም ከተቀመጠች ጀምሮ የምታስበው ይህንኑ ነበር። ከወንዙ ድምፅ ውስጥ የእኔን ልቅሶ ለመለየት ትጥር ነበር። ዘልዬ ልሩጥ ስትል፣ ከተነሣች ማራሽ እንደሚያልፍ ታስባለች፤ ጄሎሽ አልጋውን አውርዶ ከሆነ ደግሞ በጀርባው ላይ ማንም የለም። ስለዚህ ተቀመጠች። ለልጇ የፈራችውን ያህል ለእሱም መፍራቷ አናደዳት።

ማራሽ ክፉ ሰው አልነበረም። ዘመዴ ስለሆነ አይደለም እንዲህ የምለው። ወንድሙን ይወድ ነበር፤ ከደሙ ቀን ጀምሮ ደግሞ አገሩ መውደዱን በጠመንጃ አሳይ ይለው ነበር።

«አሥራ አራት ወር አረቄዬን ከጉልበት ሥር አሳልፈው እየሰጡኝ ነው የምጠጣው» አላት መሬት መሬቱን እያየ። ደሙን ላልመለሰ ሰው ብርጭቆ የሚሰጠው እንደዚያ ነው። «ሰርግ ላይ ሳይቀር። ዛሬ ደግሞ አገኘሁት፣ በሃያ እርምጃ። አንዲት ሕፃን ተሸክሞ አለፈኝ ብዬ ልናገር?»

«ሴት አብራው ነበረች በል። በደንቡ ነው» አለችው እናቴ።

በደንቡ የምትለዋን ቃል ከአፏ ስትወጣ ራሷም ሰማቻት። ማራሽ ሳቅ ይሁን ሳግ ያልለየ ድምፅ አሰማ። ከዚያ እጁን ወደ መቀነቱ ከትቶ፣ በቀይ ክር የታሰረች ትንሽ የብር ሳንቲም አወጣ። ለሰው ዓይን ብለው ልጅ ቆብ ላይ የሚያስሯት ናት። የእኔ ነበረች፤ ጠዋት በጥድፊያ ስንወጣ ቀርታለች።

«እናቴ ናት የሰጠችኝ» አለ። «ከመለስካት እሰርላት፣ ካልመለስካት ለድራንዴ ስጣት አለችኝ። መቼ እንደወጣሽ ብጠይቃት፣ ወተቱን ሳማስል አላየሁም አለች።»

እናቴ ሳንቲሟን ተቀብላ በጡቷ መካከል ከተተቻት። ማራሽ ተነሣ። ጥቂት ሄዶ ቆመና ፊቱን ሳያዞር፣ ስሟ ዲላ ነው አይደል ብሎ ጠየቃት። ስምንት ወር ባንድ ጣሪያ ሥር ኖረን ስሜን ጠርቶት አያውቅም ነበር። አዎ፣ ዲላ ነው አለችው። የጠመንጃውን አፈሙዝ ወደ መሬት ደፍቶ፣ በመጣበት የፍየል መንገድ ወጣ።

ቆቡ ከዓይኗ እስኪጠፋ ጠበቀች። ከዚያ ተነሥታ የጄሎሽን ጠመንጃ ከሣሩ ላይ አነሣች፤ ጠመንጃ መንገድ ላይ አይጣልም። ድልድዩን እንዴት እንደተሻገረች አታውቀውም። ማዶ ስትደርስ ሮጠች፤ ወደ ቋጥኙ ስትቀርብ ግን የሰው ሳቅ ሰማችና ቆመች።

ከቋጥኙ ጀርባ፣ በመንገዱ መካከል፣ ጄሎሽ ቆሟል። አልተቀመጠም፣ አልተደገፈም፤ አልጋ እንዴት እንደሚወርድ ስለማያውቅ፣ ያነቃት እንደሆነ ብሎ ፈርቶ፣ እንደ ተተከለ ግንድ ቆሟል። ገበያ የሚሄዱ ሦስት ሰዎች በቅሎዎቻቸውን አቁመው ይዞሩታል።

«ሙሽሪት፣ ባልሽ የት ሄደ?» አለው አንዱ።

«ተዋት እንጂ፣ ልታጠባ ነው» አለ ሌላው።

አንድ ዓመት ቀደም ቢሆን ለዚህ ቃል ሰው ይሞት ነበር። ጄሎሽ ግን አንገቱን ብቻ ዘወር አድርጎ፣ «ጠባቂዬ ተኝታለች፤ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ» አላቸው። እየሳቁ በቅሎዎቻቸውን ነድተው ሄዱ።

እናቴ ከኋላው ቀረች። ጀርባው ወደ እሷ ነው። ቀይ ሱፉ ወደ ጎን ተንሸራቶ ፊቴ ይታያል፤ አፌን ከፍቼ ተኝቻለሁ። የያዘችው ጠመንጃ ደግሞ አባቴን የገደለው ነው። ጎርሷል፤ ወንድ ግንብ ለቅቆ ባዶ ጠመንጃ ይዞ አይወጣም። ደም መመለስ የሴት ሥራ አይደለም ይላል ደንቡ፤ ግን እዚያ ያለነው እኛ ሦስታችን ብቻ ነበርን። እናቴ ደግሞ የተራራ ልጅ ናት፣ መተኮስ ታውቃለች።

ሁለቱ የማይስማሙት እዚህ ላይ ነው። ጄሎሽ፣ ዱካዋ ሲቆምና የጠመንጃው ማንገቻ ሲንኳኳ ሰማሁ፣ ሁሉም ገባኝ፣ ጸሎት አድርሼ ሁለተኛ ልጀምር ስል ነው የተንቀሳቀሰችው ይላል። እናቴ፣ ትንፋሼን ለመሰብሰብ ያህል ነው የቆምኩት ትላለች። የእሷን እይዛለሁ ብያችኋለሁና ይዣለሁ። ግን አንድ ነገር አውቃለሁ። ያን ቀን ያንን ሰው ከሁለት ጥይት ጠብቄዋለሁ፤ አንዱ ከአጎቴ፣ ሌላው ከእናቴ።

መጥታ ፊቱ ቆመች። ሱፉን ወደ ቦታው መለሰች፣ ሳንቲሟን ከቆቤ ላይ አሰረች።

«ያው ጠመንጃህ» አለችው።

ሁለቱን እጆቹን ማንገቻው ላይ አድርጎ አያት። «እጄ ሞልቷል» አላት።

ማን ይቅደም በሚል አልተጣሉም። ሽኮድራ እስኪገቡ ድረስ እንደዚያው ተጓዙ፤ እሷ ጠመንጃ አንግታ ከፊት፣ እሱ ሸክሙን ተሸክሞ፣ አሥር እርምጃ ከኋላ።